ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት

አንድ በእጁ ሥራ የተመሰገነ የሞተር ሳይክል መካኒክ በአንዲት የገበያ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ዘርጋው ይባላል። ሌሎች መካኒኮች «ይሠራል፣ ውሰደው» ብለው ሲሸኙ፣ እሱ ግን የጠገነውን ሞተር በጨርቅ ወልውሎ፣ ዙሪያውን ዞሮ አይቶ፣ ያላማረው ነገር ካገኘ እንደገና ፈትቶ ነበር የሚያስረክበው። ማንም ዓይኑን የማይጥልበትን ቦታ ሳይቀር ያሳምራል። በሥራው ይኮራ ነበር፤ የሚያኮራም ሥራ ነበረው።

በዚያች ከተማ ጤና ጣቢያ ሲስተር አስካለ የምትባል ነርስ ትሠራለች። ከተራራው ጀርባ ላሉ መንደሮች የሕፃናት ክትባት የምታደርሰው በአንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው፤ መንገዱ ጠባብና ገደላማ ስለሆነ መኪና አይገባበትም። ሞተሩ ዝናብና ጭቃ ሲፈራረቁበት ኖሮ ዝጓል። ዘርጋው አንድ ቀን አየውና አላስችል አለው።

«ሲስተር፣ እንዲህ ያለ ቁም ነገር የሚሠራ ሞተር ተጎሳቁሎ መታየት የለበትም። ተዪልኝ፣ ቀለም ልቀባው» አላት።

ተወችለት። ዘርጋው ዕቃዎቹን በሙሉ ፈታታ፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፤ ከዚያም ደማቅ ቀይ ቀለም ቀባው። ሌላ ሰው ቢሆን የሚታየውን ቀብቶ ይተው ነበር። እሱ ግን ዕቃዎቹ የሚታሰሩበትን ብረት፣ የብሎኖቹን ቀዳዳ ሳይቀር ቀባ። ሲደርቅ መልሶ ገጠመውና ደጁ ላይ አቆመው። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ አየው።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተር አስካለ የክትባቱን ሣጥን አንግታ መጣች። ሣጥኑ ውስጥ በረዶ አለ፤ በረዶው ከቀለጠ ክትባቱ ይበላሻል። በዚያ ሰሞን በመንደሮቹ ኩፍኝ ገብቶ ስለነበር እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ይጠብቋታል።

«ጋሼ፣ እውነት ይሄ የኔ ሞተር ነው? ሙሽራ አስመሰሉት እኮ!» አለች እየሳቀች።

የዘርጋው ደረት ሰፋ። «ይልቅ ተቀመጪና ንጂው» አላት።

ቁልፉን አዞረች። መብራቱ በራ፤ ጥሩምባውም ጮኸ። ማስነሻውን በእግሯ ረገጠች። ዝም። ደግማ ረገጠች። ዝም።

ባጃጁን ከመንገዱ ማዶ አቁሞ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ሙክታር አላስቻለውም። «ጋሼ፣ ሙሽራው እኮ አኮረፈ! ምን አስቀየማችሁት?» ብሎ ጮኸ። ቆመው የሚያዩት ሁሉ ሳቁ።

ዘርጋው ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈታ፤ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካና «እርገጪ» አላት። ረገጠች። ከካንዴላው ጫፍ ብልጭ ማለት የነበረበት ሰማያዊ እሳት የለም።

«ካንዴላው ነው» ብሎ አዲስ አስገባ። እሳት የለም። «እንግዲያው ኮይሉ ነው» አለ፤ ለካንዴላው እሳት የሚልክለት ኮይሉ ነውና። ከመደርደሪያ ሌላ ኮይል አምጥቶ እዚያው ቦታ ላይ አሰረ። አሁንም የለም። ሽቦዎቹን በጣቱ እየተከተለ ፈተሸ፤ የተበጠሰ አላገኘም። ፀሐይዋ እየከረረች ሄደች። ሲስተር አስካለ ሣጥኑን አንሥታ ወደ ጥላ አዛወረችው።

«ሽማግሌ ሆኗል» አለ ዘርጋው በመጨረሻ፣ ላቡን እየጠረገ። «አሮጌ ሞተር እንዲህ ነው። ምን ይደረግ?»

ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው። «ጋሼ፣ ለቀለም ሳመጣልዎ እኮ እየነዳሁት ነው የመጣሁት። እርስዎ ዘንድ ከገባ በኋላ ምን ተነካ?»

«ምን ይነካል? ቀለም ብቻ ነው የቀባ…»

ቃሉ ሳያልቅ አፉ ላይ ቀረ። ገብቶታል።

ኤሌክትሪክ ሄዶ ብቻ አይሠራም፤ የሚመለስበት መንገድ ይፈልጋል። መብራቱና ጥሩምባው የራሳቸው መመለሻ ሽቦ አላቸው፤ የኮይሉ መመለሻ ግን እሱ ራሱ የታሰረበት ባዶ ብረት ነው። ዘርጋው ያንን ብረት ደራርቦ ቀብቶ መንገዱን ዘግቶታል። አዲሱም ኮይል የታሰረው በዚያው ቀለም ላይ ነው። ሰነፍ መካኒክ ቀብቶት ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ይነሣ ነበር።

ዘርጋው ለአፍታ ልቡ ሁለት ሆነ። «ዕቃ ይምጣለት፤ ነገ ተመለሺ» ቢል ማን ያውቅበታል? ሰው ሲበተን በሩን ዘግቶ ቀለሙን ይፍቃል፤ ስሙም እንደተከበረ ይቀራል። ቀና ሲል ግን ሲስተር አስካለን አያት። እጇ ሣጥኑ ላይ ነው፤ ዓይኗ ተራራው ላይ።

«ስሙኝ!» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ሞተሩ አላረጀም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መቀባት የሌለበትን ቦታ ቀብቼዋለሁ።»

ዘርጋው ኮይሉን ፈትቶ ቢላውን አነሣ።

«ኧረ ቀስ በል ጋሼ! ያን የመሰለ ቀለም?» አለ ሙክታር።

«ቀለሙ የኔ ነው። እኔው እፍቀዋለሁ።»

ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ ፋቀው፤ ኮይሉን መልሶ አጥብቆ አሰረ። ሲስተር አስካለ ማስነሻውን ረገጠች። ሞተሩ አጓራ። ሣጥኑን ከኋላዋ አሥራ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!» እያለች በረረች። ቀዩ ሞተር ዳገቱን ሲወጣ ከሩቅ ያምር ነበር።

ሙክታር መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «ለምን በሰው ፊት ተናገርክ? ሽቦ ላልቶ ነው ብትል እኮ እናምንህ ነበር።»

«እሷስ?» አለው ዘርጋው። «ደህናውን ሞተር አርጅቷል ብላ ገደል አፋፍ ላይ በስጋት ትንዳው? ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን ማወቅ አለባት።»

ሙክታር ራሱን እየነቀነቀ መንገዱን ተሻግሮ ተመለሰ። ከዚያ ባጃጁን እየገፋ አመጣና ደጁ ላይ አቆመው። «በል ይህንንም እየው። ጠዋት ጠዋት እምቢ ይለኛል። ያበላሸኸው ነገር ካለ የምትነግረኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ዘርጋው በሳቅ ፈነዳ። ያን ዕለት የተሰማው ኩራት፣ ሰዎች ቀለሙን ሲያደንቁ ከተሰማው ይበልጥ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ኩራት ክፉ ነገር አይደለም። ዘርጋው በሥራው ባይኮራ ኖሮ ያንን ሞተር ከዝገት የሚያወጣው ባልተገኘ ነበር። ነገር ግን ኩራታችን ሁሉንም ቦታ ሲሸፍንብን፣ ስህተታችንን የምናምንበት አንድም ባዶ ብረት ሳይቀርልን ሲቀር፣ ያለን እሳት ጉልበት ያጣል። እውነተኛ ኩሩ ሰው የገዛ ቀለሙን በገዛ እጁ፣ ያውም ሰው እያየ መፋቅ የሚችል ነው።

እናንተስ? ሥራችሁ፣ ትዳራችሁ ወይም ጓደኝነታችሁ አልነሣ ሲላችሁ፣ «አርጅቷል» ከማለታችሁ በፊት «እኔ የነካሁት የቱን ነው?» ብላችሁ ታውቃላችሁ?