ኖር የማይባልበት ጉብታ

በሰንበሌጥ ሜዳ ሽማግሌ ሲመጣ ብድግ ብሎ «ኖር!» ማለት እንደ ሌላው አገር ሁሉ ያለ ወግ ነው፤ ጠዋት ላይ ግን አይደለም። አዛውንቶቹ በየማለዳው ከሚወጡበት ከጠጅቱ ጉብታ ሳይወርዱ መቀመጫ የሚያቀርብላቸው ሰው ቢገኝ፣ በእንግድነቱ ካልታለፈ በቀር ይቆጡታል። ለማያውቅ ሰው ነገሩ ብልግና ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ሳየው ፊቴን አጥቁሬ ነበር።

የአገሩ አባቶች እንደሚናገሩት፣ ድሮ የላይ ሰፈርንና የታች ሰፈርን የግጦሽ ወሰን በልባቸው የያዙ አያ ቢያድግልኝ የሚባሉ ሰው ነበሩ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ወሰኑን በእግራቸው ይዞሩታል፤ በየድንጋዩ አጠገብም ጥቂት ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር ይባላል። ሸምገል ሲሉ ግን ሁለቱ ሰፈሮች በአክብሮት ተፎካከሩባቸው፤ ያለ በቅሎ አያስኬዷቸው፣ ከመደብ ብድግ ቢሉ የሰው ሁሉ እጅ ደግፎ ይመልሳቸው ጀመር። ሰውየው ተከበሩ፣ ወፈሩ፣ ከዚያም እየዘነጉ ሄዱ። ሚስታቸውን ወይዘሮ ጠጅቱን እንኳ በሞተች እህታቸው ስም «ብርነሽ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

አንድ ክረምት ጎርፍ የወሰኑን ድንጋዮች ጠራርጎ ወሰደ። የሁለቱ ሰፈር ጎረምሶች ዱላ ይዘው ተፋጠጡ፤ ሽማግሌዎች መሀል ገብተው አያ ቢያድግልኝን ቢጠይቁ፣ እሳቸው ሜዳውን ሲያዩ ሲያዩ ቆይተው «ጠፋብኝ፣ ልጆቼ» ብለው አለቀሱ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ጠጅቱ ከሴቶቹ መሀል ወጡ።

«በክብር ጠፍራችሁ ያሰራችኋቸው እናንተ ናችሁ! እስከ አጨዳ ታገሱና ለእኔ ተዉልኝ» አሉ።

ሽማግሌዎቹም ጎረምሶቹን እስከ አጨዳ ዱላ እንዳያነሱ አስማሏቸው። ከዚያ ወዲያ ደም እንደሚፈስ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

ወይዘሮ ጠጅቱ በየማለዳው ባላቸውን ያለ በቅሎ ይዘው፣ ሜዳው ሁሉ ቁልጭ ብሎ የሚታይበትን ጉብታ ይወጡ ጀመር። አያ ቢያድግልኝ መንገዱን ሁሉ ይነጫነጫሉ፣ ጉልበታቸውን ይረግማሉ፤ ጫፍ ሲደርሱ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሻቸውን እያዳመጡ ፀሐይ እስክትሞቅ ዝም ይላሉ። «አሮጌ ባሏን ዳገት ላይ ልትጨርሰው ነው» እያለ ያማቸው ሰው ጥቂት አልነበረም።

አጨዳው ደርሶ ሰዉ ማጭዱን ሲስል፣ አንድ ማለዳ አያ ቢያድግልኝ ከዝምታቸው መሀል ዓይናቸውን ገለጡ።

«ጠጅቱ፣ የመጀመሪያው ድንጋይ እኮ ከሾላው ስር ነበር» አሉ።

«እስቲ ይድገሙት» አሏቸው ወይዘሮ ጠጅቱ።

«ከሾላው ስር ነበር አልኩሽ።»

«እሱን አይደለም። መጀመሪያ ያሉትን።»

አያ ቢያድግልኝ የቀሩትንም ድንጋዮች ቦታ አንድ በአንድ አሳዩ፤ ወሰኑ ከአጨዳው በፊት ተተከለ፤ ዱላውም ወደየቤቱ ገባ ይላሉ።

ዛሬም በሰንበሌጥ ሜዳ አዛውንት ጉብታውን የሚወጡት ከቤተሰባቸው አንድ ሰው ጋር ነው። ጫፉ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ሊነሱ ሲሉም አብሯቸው የወጣውን ሰው በስሙ ይጠሩታል። ሲወርዱ መንደሩ በሙሉ ተነስቶ «ኖር!» ይላቸዋል። ስሙ ለጠፋባቸውም መንደሩ እኩል ይነሳል፤ ማንም አይስቅባቸውም፣ ማንም አያርማቸውም። አብሯቸው የወጣው ሰው ብቻ ክንዳቸውን ያዝ አድርጎ «ነገም እንወጣለን» ይላቸዋል።