በታመመ አፈር የበቀለ ስንዴ

አንድ ገበሬ ነበረ። ታሪኩን የተናገሩት የኔታ ፍሥሐ ናቸው፤ የነገሩትም ትርንጎ ለምትባል ሴት ነው። ትርንጎ የተዳረችው ቂም ከማይረሳ ወገን ነበር። የባሏ ዘመዶች ማዕድ በቀረበ ቁጥር በአያታቸው ዘመን የተገደለባቸውን ሰው ያነሣሉ፤ የገዳዩንም ዘር ይራገማሉ። «የኔታ፣ ልጆቼ ይህን እየሰሙ ሊያድጉ ነው። ይዣቸው ልጥፋ ወይስ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀቻቸው። የኔታ ሂጂም ቅሪም አላሏትም። የገበሬውን ነገር ጀመሩላት።

ገበሬው ከአባቱ የወረሰው፣ ከወንዝ ዳር ያለ ረባዳ መሬት ነበረው። ስንዴ ይዘራበታል። በአንድ ክረምት፣ ብርዱ በበረታ ሰሞን፣ ከማሳው ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ስንዴው ቢጫ ሆነ። ቅጠሉ ተዥጎረጎረ፤ ቁመቱም ከጉልበት በታች ቀረ። ውኃ ተኝቶበት ነው ብሎ ቦይ ቀደደለት። በዓመቱ ቢጫው ሰፋ። አፈሩ ተርቦ ነው ብሎ ፍግ አለበሰው። በሦስተኛው ዓመት የማሳው እኩሌታ ተያዘ፤ ያጨደውም ገለባ እንጂ እህል አልነበረም።

«ይህ መሬት ተረግሟል» አላት ሚስቱን። «እንተወው።»

ተወው። ረባዳውን ጦም አሳድሮ ከዳገቱ ላይ ጠፍ መሬት ገመሰ። በሬዎቹ እነዚያው ነበሩ፤ ማረሻውም ያው። ከረባዳው የተነሣው ጭቃ በበሬዎቹ ሰኮናና በማረሻው ላይ ደርቋል፤ ይህን ማን ልብ ይላል? በዚያው ሰሞን ጎረቤቱ የሆነች ባልቴት አራሽ አጥታ ነበርና የእሷንም ማሳ አረሰላት። ምርቃቷን ተቀብሎ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ።

ሁለት ዓመት ስንዴው አማረ። በሦስተኛው ክረምት ከአዲሱ ማሳ ጥግ፣ በሬዎቹ ከሚገቡበት በኩል፣ ቢጫው ብቅ አለ። ገበሬው ሲያየው እዚያው ቁጭ አለ። በማግስቱ ባልቴቲቱ መጣች።

«የእኔም ስንዴ እንዲሁ ሆኗል» አለችው። «አልወቅስህም። ግን አንተ ካረስክልኝ ወዲህ ነው።»

ገበሬው ክፉ አላሰበባትም። ደግ ሠራሁ ያለበት እጁ ግን ደዌ አስገብቶባት ኖሯል። 

አንድ ጠዋት በሬዎቹን ጠምዶ በዳገቱ ማሳ ላይ የታመመውን ስንዴ አርሶ ሊገለብጠው ተነሣ። ሚስቱ ቀድማው ለከብት የሚሆን ታጭድ ነበር።

«በሬዎቹን አቁማቸው!» አለችው። «እስቲ ና፣ እነዚህን እይ።»

ከቢጫው መካከል እዚህም እዚያም ለምልመው የቆሙ ስንዴዎች አሉ። ቆጠሯቸው፤ ዐሥራ አንድ ናቸው። ዘሩ ከየቦታው የተደባለቀ ነበርና ከየትኛው እንደመጡ የሚያውቅ የለም።

ባልና ሚስት የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ጠሩ። ባለሙያዋ ከቢጫውም ከለምለሙም ጥቂት ሥር ቆርጣ ወሰደች፤ ከወር በኋላም ተመለሰች።

«ደዌው ያለው አፈሩ ውስጥ ነው» አለቻቸው። «ለዓይን የማትታይ ተሐዋሲ አለች። በስንዴው ሥር ትገባለች፤ ደዌውንም ተሸክማ የምታስገባው እሷ ናት። ጭቃ በሄደበት ትሄዳለች። መሬቱ ጦም ቢያድርም ብዙ ዘመን ትቆያለች።»

«ለምለሞቹ ውስጥስ አልገባችም?» አለ ገበሬው።

«ገብታለች፤ ሥሮቻቸው ውስጥ አግኝተናታል። ደዌው ግን ከሥራቸው ወደ ቅጠላቸው መውጣት አልቻለም።»

«አፈሩን የሚያጠራልኝ መድኃኒትስ?»

«እኔ የማውቀው የለም» አለች።

ገበሬው የዐሥራ አንዱ ስንዴ ዛላ እስኪደርቅ ጠበቀ፤ የእያንዳንዱን ፍሬ ለብቻ አሽቶ ለብቻ በጨርቅ ቋጠረ። የመዝሪያው ጊዜ ሲደርስ ሚስቱ ከደጃቸው ባለው ደህና አፈር ላይ እንዲዘራው ለመነችው። «ሌላ የለንም እኮ» አለችው። «ቢጠፋስ?»

«በደህና አፈር ላይ ሁሉም ደህና ነው፤ ደዌውን የሚችለው የትኛው እንደሆነ አይለይም» አላት።

ወደ ረባዳው ወረደ። ቢጫው መጀመሪያ የታየበትን ቦታ በዶማ ቆፈረ፤ ፍሬውንም አንድ በአንድ በጣቱ ቀበረ። ሲጨርስ ዶማውንና እግሩን እዚያው አጥቦ ወጣ። ብርዱ በገባ ጊዜ በየቀኑ እየወረደ ይመለከት ነበር። ከዐሥራ አንዱ የሰባቱ ዘር ቢጫ ሆነ። እነዚያ ሰባቱ ቀድሞ ከበሽታ ያመለጡት በዕድል ኖሯል። የአራቱ ዘር ግን በዚያ ጭቃ ላይ ለምልሞ ቆመ፤ ዛላም ያዘ።

በአራት ዓመት አንድ ማሳ የሚሞላ ዘር ሆነ። ገበሬው ለራሱ ሳይዘራ አንድ ቁና ይዞ ወደ ባልቴቲቱ ቤት ሄደ።

«አፈሩ ዳነ?» አለችው።

«አልዳነም። እንዳለ ነው» አላት። «በዚያው ላይ የሚያፈራ ዘር ተገኘ እንጂ።»

 ባልቴቲቱ የነጠላዋን ጫፍ ዘርግታ «በል ስፈርልኝ» አለችው።

የኔታ ፍሥሐ ይህን ተናግረው ወደ ትርንጎ ዘወር አሉ።

«የዚያ ቤት አፈሩ ቂም ነው። እኔም ሆንኩ አንቺ አናጠራውም። ልጆችሽን ይዘሽ ብትሄጂ አልከለክልሽም፤ ግን በእግርሽ ጭቃ ይዘሽው እንዳትሄጂ እፈራለሁ። ጆሮሽ ሥርሽ ነው፤ ብትወጂም ባትወጂም ይገባበታል። አፍሽ ቅጠልሽ ነው። በጆሮሽ የገባው በአፍሽ እንዳይወጣ አድርጊ። ልጆችሽ እርግማኑን ከሌላው ይሰሙታል፤ ካንቺ ግን አይስሙት።»

ትርንጎ አቀርቅራ «ካሁን በፊት ከኔም ሰምተውታል፣ የኔታ» አለች።

«ገበሬውስ ቢሆን» አሉ የኔታ፣ «ዘሩን ያገኘው ከታመመው ማሳ አይደለም?»