የሸይኽ ቡሽራ መስገጃና የአደራው ፈረስ

ፈረስ በደጅ ሲያልፍ የማን ፈረስ እንደሆነ በሰኮናው ድምፅ ብቻ ይለይ በነበረበት በዚያ ደግ ዘመን፣ ዳገቷም ቁልቁለቷም ድንጋይ በሆነ በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሸይኽ ቡሽራ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። አላህ ይዘንላቸው። ፊቅህ የተባለውን የሃይማኖት ሕግ ቀርተው ያስቀሩ፣ ተምረው ያስተማሩ ዓሊም ናቸው፤ የከተማው ሰው ግን ከዕውቀታቸው አስቀድሞ የሚያነሳው አማና፣ የሰው አደራ፣ ጠባቂነታቸውን ነበር። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን የሚተወው እሳቸው ጋ ነው። ዛሬ ቁልፋችንን ለማን እንደምንሰጥ ግራ ገብቶን ደጃፍ ላይ ስንቆም፣ ያ ዘመን እንዴት ይናፍቃል!

አንድ ዓመት ጎረቤታቸው ያሲን ለሐጅ ተነሳ። ያን ጊዜ ሐጅ በእግርና በመርከብ የሚኬድ፣ ሄዶ ለመመለስ ዓመት የሚፈጅ ጉዞ ነበር። ያሲን ልጆቹን የሚያሳድገው እህልና ጨው በሚጭንበት በአንድ ፈረስ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይሉታል። ልጓሙን ለሸይኹ እያስጨበጠ፣ «ሸይኼ፣ ልጆቼን ለአላህ፣ ቦራን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ» አላቸው።

«ኢንሻአላህ፣ እንደሰጠኸኝ ታገኘዋለህ» አሉት።

ክረምቱ ገባ። በዚያች ከተማ ፈረሱን የሚወድ ሰው በክረምት ውጭ አያሳድረውም። ከጅብና ከብርድ ይጠበቅ ብሎ ቤቱ ውስጥ ያስረዋል፤ ፈረሱም እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይሸናል። ሸይኽ ቡሽራ ደግሞ የአደራ ፈረስ ነው ብለው ከሰው ሁሉ አብልጠው አሞቁት፤ በእርጥቡ ገለባ ላይ ሌላ ገለባ እየደራረቡ፣ ከደጅ ሳያወጡት ከረሙ። ዝናቡ ባባራ ቀን ሊያናፍሱት ሳቡት። ቦራ የመንገዱን ድንጋይ እንደነካ አንድ እግሩን አንስቶ ቆመ፤ ወይ ፍንክች አለ።

ሸይኹ ተንበርክከው እግሩን አነሱት። ሰኮናው በስብሶ ለስልሷል፣ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፣ ከሥሩ የሚወጣው ሽታ ለአፍንጫ አይቀርብም።

«ያ አላህ! ምን አገኘው?» አሉ ባለቤታቸው ሰዕዲያ።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት። በገዛ ሽንቱ ላይ አቁሜው ከረምኩ» አሉ ሸይኹ። ያን ቀን እህል በአፋቸው አልዞረም።

ብረት ቀጥቃጩ አሊዬ ተጠራ። ሰኮናውን አገላብጦ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሸይኼ፣ አያስቡ። ስንጥቁን በሰም ደፍኜ፣ ጥላሸት ቀብቼ የብረት ጫማ እመታበታለሁ። ያሲን ሲመጣ ፈረሱን ጫማ ተደርጎለት ያገኘዋል፤ ይመርቅዎታል እንጂ አይጠይቅዎትም።»

«ከብረቱ በታች ያለውስ?»

«እሱማ ከሥር ነው፤ ማን ያየዋል?»

እውነቱን እንናገርና፣ ነገሩ ለሸይኹ ጆሮ ጣፍጦ ነበር። የዕድሜ ልክ ስማቸው በአንድ ፈረስ እግር ሊበላሽ ነው፤ ሰይጣንም አዛውንትን ሲፈትን የሚመጣው በስሙ በኩል ነው። «አስተግፊሩላህ» ብለው አላህን ምሕረት ለመኑና ቀና አሉ።

«የሚያየውስ አለ፣ አሊዬ። ደግሞስ ምስማሩ የበሰበሰውን ሰኮና ጭራሽ አይሰነጥቀውም?»

አሊዬ አንገቱን ደፋ። «ይሰነጥቀዋል። ደንበኛው መላ ደረቅ መሬት ላይ አቁሞ፣ የሞተውን ከርክሞ፣ አዲሱ ሰኮና እንደ ጥፍር ከላይ አድጎ እስኪወርድ መታገሥ ነው። ግን ካልተራመደ ደሙ አይዘዋወርም፤ በባዶ እግሩ ደግሞ ይህን ድንጋይ አይረግጥም። የቆዳ ጫማ ቢሰፋለት ነበር። በዚህ ዝናብ ደረቅ ቆዳ ከየት ይመጣል?»

ሸይኹ ከየት እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። መስጊድ ውስጥ የሚሰግዱበት፣ ከአባታቸው የወረሱት የበሬ ቁርበት አለ፤ ወፍራም፣ ደረቅ፣ ዘመን ያለሰለሰው። የአባታቸው ግንባርና ጉልበት ያረፈበት ቦታ ጸጉሩ አልቆ ይታያል፤ የእሳቸውም የሚያርፈው እዚያው ላይ ነበር። ሱጁድ በወረዱ ቁጥር አባታቸው አጠገባቸው ያሉ ይመስላቸዋል።

በማግስቱ ከሱብሒ፣ ከንጋቱ ሶላት፣ በኋላ ቁርበቱ ላይ ብዙ ተቀመጡ። ከዚያ ጠቅልለው ወደ ቤት አመጡትና «ቢስሚላህ» ብለው ቢላዋ አሳረፉበት። ሰዕዲያ እጃቸውን ያዙ። «የአባትዎ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ» አሉ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ፤ መቁረጡን ግን አላቆሙም።

አሊዬ ለአራቱም እግሮች ጫማ ሰፋ። ቦራ የሚቆምበት ቦታ በጠጠርና በአመድ ተደለደለ። ሸይኹ ጠዋት ጠዋት ጫማውን አጥልቀውለት ያንሸራሽሩታል፤ ማታ አውልቀው እሳት ዳር ያደርቁታል፣ ሰኮናውን በጨው ውሃ አጥበው ይጠርጉታል። ከተማው በሳቅ ፈረሰ። «ቦራ እንደ ሸይኾች የቆዳ ኹፍ ተጫማ፤ ከእንግዲህ ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ ኹፉን ማበስ ብቻ ነው፣ እግሩን ማጠብ ቀረለት!» ተባለ። ያልሳቁት ደግሞ ተቆጡ፤ «የተሰገደበትን ቁርበት ፋንድያ ላይ ያስረግጣል?» አሉ። ሸይኽ ቡሽራ ለሳቀውም ለተቆጣውም መልስ አልሰጡም፤ በቀዝቃዛው የመስጊድ መሬት ላይ ጉልበታቸውን እያመማቸው ሰገዱ።

ያሲን በዓመቱ ሐጂ ሆኖ ተመለሰ። አዲሱ ሰኮና ወርዶ፣ ቦራ ያለ ጫማ በድንጋዩ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ሊቀበለው ወጣ። ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። ሸይኹ ግን ሰላምታው እንዳለቀ የቦራን እግር አንስተው አሳዩት።

«ሐጂ ያሲን፣ እንደሰጠኸኝ አላቆየሁልህም። እርጥብ ላይ አስሬ ሰኮናውን አበስብሼው ነበር። ልጆችህን ልታስርብ የምትችል ጥፋት አጥፍቻለሁ። ሐቅህን ጠይቀኝ።»

«ድኖ የለ እንዴ፣ ሸይኼ? አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ» አለ ያሲን ደንግጦ። ሸይኹም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ልጓሙን አስረከቡት። ስለ ቁርበቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

በመግሪብ፣ በምሽቱ ሶላት ላይ፣ ያሲን ከጎናቸው ተሰለፈ፤ ሶላቱም ሲያበቃ ባዶውን መሬት አየ። «ሸይኼ፣ የአባትዎ ቁርበት የት ሄደ?»

ሸይኹ ዝም አሉ። ከኋላ የተቀመጠው አሊዬ ግን አልቻለም። «የቦራ ጫማ ሆኖ አለቀ» አለ። ያሲን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ሸይኹ ትከሻውን ያዝ አደረጉት። «አታልቅስ። አላህ ለእኔ ምድርን በሙሉ መስገጃ አድርጎልኛል። ቦራ ግን የሚቆመው በእነዚያ ሰኮናዎቹ ብቻ ነው።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልብ በሉልኝ። እኚህ ሰው ጥፋታቸውን ሳይጠየቁ ተናገሩ፤ በጎ ሥራቸውን ሲጠየቁ ዝም አሉ። እኛ የተገላቢጦሽ ሆነናል። ስንጥቃችንን በሰም ደፍነን ከላዩ ብረት እንመታበታለን፤ ያደረግናትን ትንሽ በጎ ደግሞ በየአደባባዩ ስናወራ እንውላለን። መስገጃችን ያማረ ነው፤ ከእኛ አማና የሚጠብቀው ግን በእርጥብ ላይ ቆሞ እግሩ ይበሰብሳል።

ዛሬ በዚያች ከተማ የፈረስ ድምፅ አይሰማም። ሽማግሌዎቹ ግን አሁንም ያስታውሳሉ። ቦራ በመስጊዱ ደጅ ባለፈ ቁጥር ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች በሰኮናው ድምፅ ለይተውት፣ የያሲን ፈረስ አለፈ አይሉም ነበር። «የሸይኽ ቡሽራ መስገጃ አለፈ» ይሉ ነበር።