በአሥራ አንድ ሺህ ጣት የተገፋው መንገድ

አንድ ሰፈር ነበር፤ ቤቶቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚለው ከአራተኛው ግቢ ነው። ከንቲባው በዚያ ሰፈር አዲስ መንገድ ሊያወጣ ፈለገና ካርታውን በየሰዉ ስልክ ላይ ለቀቀው። «መንገዱን በጣታችሁ እየጎተታችሁ ወደምትፈልጉት ውሰዱት፤ የሕዝብ ፈቃድ ይፈጸማል» አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልክ ሲነካካ ጣቱ ያላበጠ ሰው አልነበረም።

ስልክ ያልነበራቸው የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ እንግዳሸት ብቻ ናቸው። አርባ ዓመት የሰፈሩን መርዶ ለየደጁ ያደረሱ እሳቸው፣ ስለ ካርታው ግን የነገራቸው የለም። ሁሉም «ሌላው ይነግራቸዋል» ብሎ ተወው።

በመጨረሻው ቀን፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ መሐንዲሱ ቀይ ቀለም ይዞ መጣና በራቸው ላይ ምልክት አደረገ።

«ምን ማድረግህ ነው ልጄ?»

«መንገዱ በእርስዎ ቤት ላይ ነው የሚያልፈው፣ አባባ። ካርታው ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል።»

«ማን ወሰነ?»

«ሕዝቡ ነዋ! አሥራ አንድ ሺህ ጣት!»

ጋሽ እንግዳሸት ከዚያች ቤት ሌላ መጠጊያ የላቸውም። ጡሩምባቸውን አንስተው ነፉት፤ እንዴት ነፉት ካላችሁ፣ የመቃብሩ ሰዎች እንኳ እንግዳ ሊመጣ ነው ብለው ተጠጋጉ። ሰፈርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ መጣ።

«ማን ሞተ ጋሼ?»

«ገና ነው። ቤቴ ፀሐይ ስትጠልቅ ትሞታለች። ለቀስተኛ እንዳይጎድልባት ቀድሜ ላርዳችሁ ብዬ ነው። መንገዱን ወደ እኔ የገፋው ማን ነው?»

«እኔ ከደጄ ትንሽ ፈቀቅ አደረግሁት እንጂ…» አለ ልብስ ሰፊው።

«እኔም ትንሽ ብቻ» አሉ ጠላ ሻጯ ወይዘሮ የሺመቤት። ሁሉም ትንሽ ብቻ ነበር የገፋው።

ሽማግሌው የመሐንዲሱን ስልክ ተቀብለው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። ያ ጣት ወደየትም ቢሄድ የአንዱ ቤት መፍረሱ ነው። እሳቸው ግን መስመሩን መጀመሪያ ወደነበረበት፣ በግቢዎቹ መሃል ወዳለችው ጠባብ መተላለፊያ መለሱት።

«እዚህማ አይበቃም» አለ መሐንዲሱ። «ግራና ቀኝ ያለው አጥር ሁሉ ሦስት ሦስት ክንድ ወደ ውስጥ መግባት አለበት።»

«እንግዲህ ፊቴን እያያችሁ ንገሩኝ» አሉ ጋሽ እንግዳሸት። «ማን ይለቃል?»

ፀሐይዋ ጋራውን ነካች። ልብስ ሰፊው ጫማውን ማየት ጀመረ።

«እኔ እለቃለሁ!» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። «ጌሾዬ ይነቀል! በጋሼ ቤት ፍርስራሽ ላይ እየተራመድኩ ገበያ አልሄድም።»

ከዚያ በኋላማ ማን ይቅር! ፉክክር ሆነ። ልብስ ሰፊው ሞቅ ብሎት የአማቱን ቤት ጭምር ሊለቅ ሲል አፉን የያዘችው ሚስቱ ናት። ካርታው ሲዘጋ መስመሩ መተላለፊያዋ ላይ ነበር።

መሐንዲሱ ግራ ገባው። «ይህን ያህል ለጋስ ከሆናችሁ ስልኩ ላይ ምን ነክቷችሁ ነው?»

«ስልኩ ‹ወዴት ይሂድ?› አለን እንጂ ‹ምን ትለቃላችሁ?› መች አለን?» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። «ደግሞ እዚያ ላይ የጋሼ ቤት አራት ማዕዘን ናት፤ ዓይን የላትም።»

ወዳጄ፣ ጥፋቱ የካርታው አይደለም፤ ሕዝብን መጠየቅ መልካም ነው። ግን ለየብቻው የተጠየቀ ሰው የራሱን ደጅ ብቻ ያድናል፤ ሸክሙም ባልተጠራው ሰው ጫንቃ ላይ ያርፋል። እስቲ አንተም ዞር ብለህ ተመልከት፦ ከደጅህ የገፋኸው ነገር አሁን የማን በር ላይ ቆሟል?