ለሰማይ ሰዎች የታሰበው ሰላምታ

አንድ ሰላምታ የሚወድ ንጉሥ ነበረ። ግብር ቢጎድልበት ይታገሣል፣ ዝናብ ቢዘገይበት ይታገሣል፤ ሰላም ሳይለው ያለፈ ሰው መኖሩን ከሰማ ግን እህል ከጉሮሮው አይወርድለትም። ስለዚህም በቤተ መንግሥቱ ከጦር አዛዡ ይበልጥ የሚፈራው አጋፋሪው ደባልቄ ነበር። እንግዳን ከደጅ ተቀብሎ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን "አንተ"፣ ማን "እርስዎ" እንደሚባል የሚወስነው እሱ ነው። ደባልቄ የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ነው። እዚህ ማዕረግ የደረሰው በዚህ ችሎታው ብቻ ስለሆነ፣ የአጋፋሪነት በትሩን ከእጁ አይለይም።

አንድ ቀን መምህር ጽጌ የሚባል የሰማይ ነገር አዋቂ ከሩቅ አገር መጥቶ ንጉሡ ፊት ቀረበ። ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው ነጭ መንገድ ፍኖተ ሐሊብ ቢባልም የወተት ጠብታ እንደሌለበት አስረዳ። ከዋክብት ናቸው አለ፤ ከብዛታቸው የተነሣ ለዓይን ተቀላቅለው ነው የፈሰሰ ወተት የሚመስሉት። እያንዳንዱ ኮከብ የራሱ ብርሃን ያለው ፀሐይ ነው። የኛዋም ፀሐይ እዚያው መንደር ውስጥ፣ ወደ ዳር ወጣ ብላ የተቀመጠች አንዷ ናት። ብዙዎቹም እንደኛዋ ያለች ምድር በዙሪያቸው ሳትኖር አትቀርም ብሎ ንግግሩን ጨረሰ።

መኳንንቱ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ንጉሡን ግን ብዛቱም ርቀቱም አላስገረመው።

"ታዲያ በዚያ ሁሉ ምድር ላይ ሰው አለ?" ሲል ጠየቀ።

"አለ እንዳልል አላየሁም፣ ጃንሆይ። የለም እንዳልል ደግሞ ቤቱ በዛብኝ" አለ መምህሩ።

የንጉሡ ፊት ጠቆረ። ይህን ያህል ጎረቤት ኖሮት እስከ ዛሬ አንዱ እንኳ ሰላም አለማለቱ አናደደው። ቆየት ብሎ ግን የባሰ ሐሳብ መጣበት፤ ምናልባት እነሱም "ያ ንጉሥ ሰላም አይልም" እያሉ ያሙት ይሆናል። ይህን ሊችለው አልቻለም። ወዲያው ትእዛዝ ሰጠ፦ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ትልቅ እሳት ይነዳል፤ ለሰማይ ሰዎችም ሰላምታ ይቀርባል። ቃሉን የሚያዘጋጀውና የሚጣራው ደባልቄ ነው። ሰላምታው የማያምር ከሆነ ግን በትሩን አስረክቦ ወደ አባቱ ሽንኩርት ይመለሳል።

ደባልቄ ነገሩ ቀላል መስሎት ነበር። ቤቱ ገብቶ "እንደምን አደ…" ብሎ ሲጀምር ምላሱ ተያዘ። አደርክ ይበል፣ አደርሽ፣ አደሩ፣ ወይስ አደራችሁ? ለመሆኑስ እዚያ ሲነጋ ነው ሲመሽ? ሮጦ መምህሩ ዘንድ ሄደ። መምህሩም እያንዳንዱ ፀሐይ የየራሱ ጠዋት እንዳለው፣ የሰው ድምፅ ጨርሶ እዚያ እንደማይደርስ፣ የእሳቱ ብርሃን ራሱ ቢደርስ እንኳ ከስንትና ስንት ሺህ ዓመት በኋላ እንደሆነ ነገረው። ደባልቄ ጥቂት አሰበ። ይህን ያህል ከቆየ እንግዲያው ማደርና መዋል ሳይሆን መክረም ነው የሚጠየቀው ብሎ "እንደምን ከረ…" በሚለው ወሰነ። መምህሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

የቃሉ መጀመሪያ በዚህ ተገኘ፤ የቸገረው መጨረሻው ነው። ጉዳዩ ለመኳንንቱ ቀረበ። የጦር አዛዡ "አንተ" ይበቃቸዋል አለ፤ ንጉሥ ለማያውቀው ሰው "እርስዎ" ካለ ልገብርልህ እንዳለ ይቆጠርበታል። የግምጃ ቤቱ ሹም ደግሞ ከላይ የተቀመጠ ከላይ ሊከበር ይገባዋል ሲል ተቃወመ። አዛዡም ዝንጀሮም የምትቀመጠው ከገደል አፋፍ ላይ ነው፣ እሷንም እርስዎ ልበላት ወይ ብሎ ጠየቀው። ሹሙ ስለ ዝንጀሮ ሲወራ ስለ ራሱ የተወራ መሰለው። አንድ ምስኪን ዳኛ ሊያስታርቅ አስቦ "እናንተ" ብንልስ ቢል፣ ብዙ መሆናቸውን ማን ነገረህ ብለው ሁለቱም ወገኖች ተነሡበት። ነገር ነገርን ያነሣዋልና ቤተ መንግሥቱ አንተ ባዮችና እርስዎ ባዮች ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። የማያውቁትን ሰው እንዴት ሰላም እንበል ብለው የሚከራከሩት ሰዎች፣ የሚያውቁትን ሰው ሲያዩ አንገታቸውን ማዞር ጀመሩ።

ክረምቱ ወጣ። ሰማዩ በጠራበት ቀን፣ መሸት ሲል፣ ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ኮረብታው ላይ ተሰበሰበ። አንተ ባዮች በቀኝ፣ እርስዎ ባዮች በግራ ቆሙ። እሳቱ ነደደ። ደባልቄ በትሩን ይዞ ወደ ጫፉ ወጣ። "እንደምን ከረ" እስከሚለው ድረስ ደህና ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል እንጀራውን ይዞበት ይሄዳል። አዛዡ ከቀኝ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ሹሙ ከግራ አሳለ። የሽንኩርቱ ሽታ ከወዲሁ የደባልቄ አፍንጫ ገባ። ቀና ብሎ ሲያይ ያ ነጭ መንገድ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቷል። ቤት ብቻ ነው፣ ሰው የማይታይበት። ሰው በማያውቀው ደጅ ሲደርስ፣ ውስጥ ያለው ወንድ ይሁን ሴት፣ ጌታ ይሁን ሎሌ ሳያውቅ ምን ብሎ ነው የሚጣራው?

ደባልቄ ባለ በሌለ ኃይሉ "ቤቶች!" ሲል ተጣራ።

አዛዡም ሹሙም የሚነቅፉት ነገር አላገኙም። ንጉሡ ቀስ ብሎ ደባልቄን አሁንስ ምን እናድርግ ሲለው፣ ቤቶች ያለ ሰው ግባ እስኪባል ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል አለው። ሰውን ሁሉ ደጅ ሲያስጠና የኖረው ንጉሥ በተራው ደጅ ጠና።

ብዙ አልቆየም።

"ደጅ ምን ያቆማችኋል? ግቡ እንጂ" የሚል ድምፅ ተሰማ።

አዛዡ በግንባሩ ተደፋ፤ ሹሙም በአዛዡ ላይ ተደፋ። መምህር ጽጌ ብቻ ቆሞ አዳመጠና፣ ድምፁ የመጣው ከላይ ሳይሆን ከኮረብታው ወዲያ፣ ከታች መሆኑን በጣቱ አመለከተ።

ከኮረብታው ጀርባ ሸክላ ሠሪዎች ይኖሩ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ማሰሮና ጋን ሁሉ የእጃቸው ሥራ ነው። መኳንንቱ ግን በዓይናቸው ይበሉናል እያሉ በሰፈራቸው አያልፉም። "አንተ" ይባሉ "እርስዎ" ብሎ የተከራከረላቸው የለም፤ የሚያነጋግራቸው አልነበረምና። አሁንም መኳንንቱ ቶሎ እንመለስ አሉ። ደባልቄ ዝም ቢል ይሻለው ነበር፤ ግን ዕድሜውን የኖረበት ሥራ ነውና አላስቻለውም።

"ጃንሆይ፣ ቤቶች ብለን ግቡ ከተባልን በኋላ መመለስ ነውር ነው" አለ።

ንጉሡ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ቁልቁል ወረደና፣ የጎጆዋ በር አጭር ስለነበረ ጎንበስ ብሎ ገባ። የቤቱ ባለቤት እማማ ብርቄ ዓይናቸው ደክሟል፤ ማን እንደገባ አልለዩም።

"ና ልጄ፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በል፤ ብርድ መትቶሃል" አሉት።

ደጅ የቀሩት መኳንንት "አንተ" መባሉን ሰምተው ትንፋሻቸውን ዋጡ። ደባልቄም በትሩን ለማስረከብ ተዘጋጀ። ንጉሡ ግን አልተቆጣም። እናቱ ከሞተች ወዲህ ልጄ ያለው ሰው አልነበረም። ደስ አለው፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አሳፈረው። እሳቱ አጠገብ ተቀመጠና ከመቼ ጀምሮ እዚህ እንደሚኖሩ፣ "እርስዎ" ብሎ ጠየቃቸው።

"እዚሁ ነው የተወለድኩት" አሉ እማማ ብርቄ። "ከኮረብታው ማዶም ሰው አለ ይላሉ። ማሰሮ በአህያ ጭነው የሚሄዱ እንኳ ይመጣሉ። ሰላም ያለን ግን የለምና፣ ሰው መኖሩን እኔ እንጃ።"

በማግስቱ ጠዋት ንጉሡ ራሱ ኮረብታውን ተሻግሮ እንደምን አደራችሁ ሊል ሄደ፤ ደባልቄም በትሩን ይዞ ከፊት ከፊቱ ይመራ ነበር። ከሰማይ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም፤ መንገድ ላይ ይሆናል።

ከሰማይ ወዲያ ሕይወት መፈለግ አያስነቅፍም። እንዲያውም ይፈለግ፤ ያን ሁሉ ቤት አይቶ ማን ይኖርበት ይሆን ያላለ ሰው ልቡ ተኝቷል። ነገር ግን ማን ከማን እንደሚበልጥ ሳይቆረጥ ሰላም አንልም ካልን፣ ኮከቡም ኮረብታውም እኩል ይርቀናል። ሰው መኖሩ የሚታወቀው ሰላም ሲል ነውና።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ከግቢዎ ማዶ ያሉትን ሰዎች "እዚያ ቤት ሰው አለ ወይ?" ብሎ ስለ እርስዎ የሚጠይቃቸው ቢመጣ፣ ምን ብለው ይመልሱለት ይሆን?