አምስት ቢሮ የያዘው ግንድ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉና ቁጭ በሉ። የዛሬው ላም የለውም። ያለው አንዲት አማት፣ አንዲት እርጉዝ ምራት፣ አንድ ወንዝና አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። መንግሥትም አለበት፤ እሱ የሌለበት የት አለና።

እትዬ አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። ቤቷ ዝንጀሮ ውሃ ከሚባለው ወንዝ ወዲህ፣ ጤና ጣቢያው ከዝንጀሮ ውሃ ወዲያ። ሰው የሚሻገረው ጎን ለጎን በተጋደሙ ሁለት ግንዶች ላይ ነበር፤ በሚያዝያ አንዱ በስብሶ ተሰበረ። በቀረው ላይ ፍየልና ጎረምሳ ይሻገራል፤ ቃሬዛ ግን አይሻገርም። ምራቷ ይታይሽ ደግሞ በሐምሌ ልትወልድ ነው። የበኩር ልጇን፣ ያኔ ድልድይ ሳይኖር፣ ወንዙ ሞልቶ ዳር ላይ ወልዳ እዚያው ቀብረውታል። እትዬ አትጠገብ ያን ቀን አልረሳችም። እና አንድ ግንድ ፈለገች። ድልድይ የሚሆን ወፍራም ግንድ ያለው በቀበሌው የወል ደን ብቻ ነው።

ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር፣ ወደ አቶ ይስማው ሄደች። ይስማው በሕፃንነቱ በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ነው፤ አሁን ግን ማህተም አለው።

«ይስማው፣ አንድ ግንድ ስጠኝ።»

«እትዬ፣ ደኑስ የኛው ነው። ግን መመሪያ ከላይ ካልወረደ ቅጠሉንም አልነካ። ወረዳው ይጻፍልኝ።»

ሊቀመንበሩ ግንዱን አልሰጥም አለ፣ ግንዱ ከደን አልወጣም አለ፣ ይታይሽም ሆዷ ገፋ።

ወደ ወረዳው ሄደች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስለ ስብሰባ መብዛት ሊሰበሰብ ሲወጣ በር ላይ ያዘችው።

«ጌታዬ፣ ለሊቀመንበሩ ይጻፉልኝ። ሊቀመንበሩ ግንዱን አልሰጥም አለ፣ ግንዱ ከደን አልወጣም አለ፣ ምራቴም ሆዷ ገፋ።»

«እማማ፣ ችግኝ ቢሆን ኖሮ በኔ ሥልጣን ነበር። ይሄ ግን ግንድ ነው። ዞኑ ይዘዘኝና እጽፋለሁ።»

ወረዳው አልጽፍም አለ፣ ሊቀመንበሩ ግንዱን አልሰጥም አለ፣ ግንዱ ከደን አልወጣም አለ፣ ይታይሽም ሆዷ ገፋ።

ወደ ዞኑ ሄደች። የዞኑ ኃላፊ ደግ ሰው ነው። ወንበር ሰጣት፣ ውሃ ሰጣት፤ ግንድ አልሰጣትም።

«ጌታዬ፣ ወረዳውን ይዘዙልኝ። ወረዳው አልጽፍም አለ፣ ሊቀመንበሩ ግንዱን አልሰጥም አለ፣ ግንዱ ከደን አልወጣም አለ፣ ምራቴም ሆዷ ገፋ።»

«እናቴ፣ እኛ መካከል ላይ ነን። ከላይ የመጣውን ወደ ታች፣ ከታች የመጣውን ወደ ላይ እናሳልፋለን እንጂ የራሳችን ነገር የለንም። ክልሉ ጋ ይሂዱ።»

ወንፊት እንኳ ገለባ ያስቀራል።

ዞኑ አላዝም አለ፣ ወረዳው አልጽፍም አለ፣ ሊቀመንበሩ ግንዱን አልሰጥም አለ፣ ግንዱ ከደን አልወጣም አለ፣ ይታይሽም ሆዷ ገፋ።

ወደ ክልሉ ሄደች። ስድስት ፎቅ በእግሯ ወጣች፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ የሚጠገንበትም ፈቃድ ገና አልወረደም። ኃላፊው ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ነገሯን ሰማና ግማሽ ሰዓት ያህል ራስን በራስ ስለ ማስተዳደር አስረዳት። እኛ ከማንም ፈቃድ አንጠይቅም አላት።

«ታዲያ ለዞኑ ይንገሩልኛ፣ ጌታዬ። ዞኑ አላዝም አለ፣ ወረዳው አልጽፍም አለ፣ ሊቀመንበሩ ግንዱን አልሰጥም አለ፣ ግንዱ ከደን አልወጣም አለ፣ ምራቴም ሆዷ ገፋ።»

ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱን እንኳ ፌዴራል ቢያውቀው ይሻላል።»

ሰኔ ገባ። እትዬ አትጠገብ በአይሱዙ ተሳፍራ አዲስ አበባ ገባች። በፌዴራሉ ቢሮ አንዲት መነጽር ያደረገች ባለሙያ ከዳር እስከ ዳር ሰማቻት። ክልሉ አልናገርም ማለቱን፣ ዞኑ አላዝም ማለቱን፣ ወረዳው አልጽፍም ማለቱን፣ ሊቀመንበሩ ግንዱን አልሰጥም ማለቱን፣ ግንዱ ከደን አልወጣም ማለቱን፣ የይታይሽም ሆድ መግፋቱን ሰማች።

«እማማ፣ የቀበሌ ደን እኮ የቀበሌ ነው። ፌዴራል ምን አግብቶት?»

«እሱን ጻፊልኛ፣ ልጄ።»

ባለሙያዋ ወደ አለቃዋ ገባች። ከሁለት ቀን በኋላ ደብዳቤ ይዛ ወጣች። «ቀበሌው መፍቀዱን በማህተሙ ካላረጋገጠልን ለክልሉ ለመጻፍ እንቸገራለን» ይላል።

አያችሁልኝ? ፌዴራሉ ሊቀመንበሩ ካልፈቀደ አልጽፍም አለ፣ ክልሉ አልናገርም አለ፣ ዞኑ አላዝም አለ፣ ወረዳው አልጽፍም አለ፣ ሊቀመንበሩ ግንዱን አልሰጥም አለ፣ ግንዱ ከደን አልወጣም አለ። ያ በጀርባ የታዘለ ልጅ በሁለቱም ጫፍ ቆሟል።

እትዬ አትጠገብ ተመልሳ ደብዳቤውን ይስማው ፊት አስቀመጠችው። ሦስት ጊዜ አነበበው። የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ።

«ፌዴራል የኔን ፈቃድ ጠየቀ?»

«ጠየቀ።»

«እንግዲያው በአስቸኳይ እፈቅዳለሁ። እኔ ለፌዴራሉ እጽፋለሁ፣ ፌዴራሉ ለክልሉ ይጽፋል፣ ክልሉ ለዞኑ ይናገራል፣ ዞኑ ወረዳውን ያዛል፣ ወረዳው ለኔ ይጽፋል። በጥቅምት ግንዱ ይቆረጣል።»

እትዬ አትጠገብ በዚህ ጊዜ ተናደደች። አገር ዞራ ያልተናደደችው ሴት እዚህ ተናደደች።

«ይስማው፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር ይባላል። ውሃው እየሞላ ነው። ዳኛውም አንተ ሆነህ ተገኘህ። አዲስ አበባ አንተን ከጠየቀ፣ አንተ ማንን ትጠይቃለህ? ያንን ሕፃን ስንቀብር አካፋ የያዝከው አንተ ነበርክ።»

ይስማው ደብዳቤውን አጣጠፈ። ከዚያ መሳቢያውን ሳበና ማህተሙን አወጣ።

ማህተሙ ወረቀቱን መታ፣ ሊቀመንበሩ ግንዱን ሰጠ፣ ግንዱ ከደን ወጣ፣ ወንዙ ላይ ከአሮጌው ግንድ ጎን ተጋደመ። አምስት ቢሮ ሁለት ወር የያዘውን አሥራ ሁለት ሰው በሁለት መጥረቢያ በአንድ ማለዳ ጨረሰው።

እዚህ ላይ ማብቃት ነበረብን። ነገር ግን ልማድ ክፉ ነው፤ ይስማው የፈቃዱን ግልባጭ ለወረዳው፣ ለዞኑ፣ ለክልሉና ለፌዴራሉ ላከ። ግልባጭ የደረሰው ሁሉ ሊመርቅ መጣ። በሐምሌ፣ በዝናብ፣ አራት መኪና ጭቃ እየረጨ ደረሰ። ግንዱ አፍ ላይ ቀይ ሪባን ተወጠረ። መቀስ በሳህን ቀረበ።

ሊቀመንበሩ ከወረዳው በፊት አልቆርጥም አለ። ወረዳው ከዞኑ በፊት አልቆርጥም አለ። ዞኑ ከክልሉ በፊት አልቆርጥም አለ። ክልሉ ከፌዴራሉ በፊት አልቆርጥም አለ። የፌዴራሉ ኃላፊ ፈገግ ብሎ «ባለቤቱ ቀበሌው ነው፣ እሱ ይቁረጥ» አለ። መቀሱ እንደገና ከይስማው ተነሣ።

ሳህኑ ለሦስተኛ ጊዜ ሲዞር ከዳገቱ ቃሬዛ መጣ። ይታይሽ ምጥ ይዟታል። ከፊት የተሸከመው ባሏ ነው፤ እትዬ አትጠገብ መንገድ እያስለቀቀች ትመራለች።

«እናቴ፣ ሪባኑ እስኪቆረጥ ትንሽ ይታገሡ» አላት ዞኑ፤ ደግ ሰው ነው ብያለሁ።

«ለሚወለደው ንገሩት» አለችና አልቆመችም።

የቃሬዛው እንጨት ሪባኑን ገፋው፤ ሪባኑ ተወጠረና ተበጠሰ። ተሸካሚዎቹ ግንዶቹን ረገጡ፤ ወንዙ ከሥራቸው እየጮኸ ተሻገሩ። ኃላፊዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ስላላወቁ አጨበጨቡ።

ይታይሽ ጤና ጣቢያው ከደረሰች ከአንድ ሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ጮኸች፤ ማንንም ሳታስፈቅድ።

እኔ ጨረስኩ። አፌን የምታብሱበት ዳቦ ያላችሁ አሁኑኑ አምጡ፤ ለማንም እንዳትጽፉ።