ጭቃው ውስጥ የቀረው ገብስ

አንድ ሰው ለልጁ ጎጆ መውጫ የጭቃ ቤት ሠራ። ሠርጉ በጥር ነው። ምሰሶውን በጊዜ አቆመ፣ ማገሩንም መታ፤ ምርጊቱ ላይ ሲደርስ ግን ቀን አጠረበት።

ጭቃ እንዴት እንደሚቦካ ከእናንተ መካከል የማያውቅ የለም። አፈሩ ከጭዱ ጋር ይረገጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይተኛል። እስኪሸት ይተኛል። ይህ ሰው ግን በአራተኛው ቀን አስመረገ። ጭዱም ቢሆን ዝናብ መጣ ተብሎ በጥድፊያ የተወቃ የገብስ ገለባ ነበር። መራጊዋ እማማ አጸደ በእጃቸው ዘግነው አዩት።

“ልጄ፣ ይሄ እኮ ገና እህል አለበት። ወይ ይበጠር፣ ወይ ይሰንብት።”

“እማማ፣ ግድግዳ ነው እንጂ ቂጣ አንጋግርበትም!” አለና ሳቀ።

ሠርጉ አማረ። ክረምት ሲገባ ግን ግድግዳው ከውስጥ ይቧጠጥ ጀመር። አይጥ! ሰውየው ቀዳዳውን ደፈነ፤ በማግስቱ በሌላ በኩል ተከፈተ። ድመት አመጣ፤ ድመቷ ወፈረች፣ አይጡ ግን አላለቀም። በመጨረሻ በሙሽሮቹ አልጋ ራስጌ ያለው ምርጊት አብጦ ተዘረገፈ። ምራቱም ልብሷን ጠቀለለች። “ግድግዳው ሳይጫነኝ እናቴ ጋ ልሂድ” ብላ ሄደች።

ሰውየው ጥፋተኛ ፈለገ። ሩቅም አልሄደ። ከአጥሩ ማዶ የአቶ ማንደፍሮ ጎተራ ቆሟል። አቶ ማንደፍሮ ማን ነው? ሃያ ዓመት በወንፈል አብሮት ያረሰ፣ የሙሽራው የክርስትና አባት ነው።

“ጎተራህን አንሣ!” አለው።

“ጎተራዬ አባትህ በነበሩ ጊዜም እዚሁ ነበር። ያኔ አይጡ መንገዱ ጠፍቶት ነው?”

“እንግዲያው አይጥህን ጥራ!”

“ስም አላወጣሁላቸውም። አንተ ጥራቸው፣ አንተ ጋ ነው የሚያድሩት።”

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ። ሰውየው ሽማግሌ ለመነ፤ ጎተራው ካልተነሣ አበልጅነታችን አበቃ ብሎ ማለ። ሽማግሌዎቹ በመጡ ቀን አቶ ማንደፍሮም ተጠርቶ ቆመ። ሰውየው እማማ አጸደን ለምስክርነት አስመጥቷል። “ምርጊቱ ደህና እንደ ነበር ይንገሩልኝ” አላቸው።

እሳቸው ከወደቀው ጭቃ አንድ ጓል አነሡ፣ በመዳፋቸው ፈረፈሩት፣ እፍ አሉት። አምስት ስድስት ፍሬ ገብስ መዳፋቸው ላይ ቀረ።

“ልጄ፣ አይጡ ከማንም ጎተራ አልመጣብህም” አሉት። “ምሳውን ራስህ መርገህለት ነው።”

ምእመናን፣ እስኪ ልጠይቃችሁ። አይጡን እንውቀሰው? አይጥ የሚበላውን ይፈልጋል፤ ተፈጥሮው ነው። ፈተናም እንዲሁ ነው፤ የሚቃርመው ካለ ይቆፍራል። እናንተስ ምን ቀላቅላችሁ መረጋችሁ? “ይቅር ብያለሁ” ብላችሁ፣ ቂሙ ገና ፍሬውን እንደ ያዘ የለሰናችሁበት የለም? ለዓይን ልሙጥ ነው። ክረምት ሲመጣ ግን ይቧጠጣል። ያን ጊዜ “ጎረቤቴ ነው፣ አማቴ ናት” እንላለን። ቀዳዳ እንደፍናለን። ድመት እናመጣለን። እህሉ ግን ከውስጥ ነው።

ሰውየው ምን አደረገ? ግድግዳ ማፍረስ አልከበደውም፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የከበደው በሽማግሌዎቹ ፊት ወደ አበልጁ መዞር ነበር። ዞረ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ መሬት መሬት አየ፣ ደግሞ ጠረገ።

“አበልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።”

“እንግዲያው ጎተራዬ ይሰንብት?” አለ አቶ ማንደፍሮ፤ በማግስቱም በሬዎቹን ነድቶ ጭቃ ሊያስረግጥ መጣ። አዲሱ ጭቃ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኛ። ምራቲቱ ግድግዳው ደርቆ ስትመለስ በሩን የከፈተላት አቶ ማንደፍሮ ነበር።

እናንተም ያቺ “ጥፋቱ የእኔ ነው” የምትል ቃል ጉሮሯችሁ ላይ ቆማ ከሆነ፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በለመዳችሁት መንገድ ወደ ቤታችሁ አትግቡ። በዚያ በወቀሳችሁት ሰው ደጅ በኩል ዙሩ።